በሊትር ተገዝቶ በግራም የሚበላው አይስክሬም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሙቀቱ ሲጠና ከድሬዳዋ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ስለ አይስክሬም መጠየቅ ያበዛሉ፤ ዘንድሮ ከሐረርም ተጨምረዋል። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። የተለየ ነገር ካልጠቀስን በስተቀር የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ከወተትና ከክሬም የተሠራ የተራ ቫኒላ አይስክሬም ናቸው።

«ሁለት ዓይነት ባለ አንድ ሊትር ቫኒላ አይስክሬም ገዛሁ። ርካሹ ላይ 100 ካሎሪ፣ ውዱ ላይ 250 ካሎሪ ተጽፏል። ክብደት እየቀነስኩ ስለሆነ ርካሹን ብመርጥ አይሻለኝም?» ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን ይዩ። ልዩነቱ እንዲህ ሲሰፋ ብዙ ጊዜ አንደኛው «በ100 ሚሊ ሊትር»፣ ሌላኛው «በ100 ግራም» ተብሎ የተጻፈ ነው። በወተት ወይም በጁስ ቢሆን ይህ ብዙም ለውጥ አያመጣም። በአይስክሬም ግን ሁሉን ነገር ይለውጠዋል፤ ምክንያቱም አይስክሬም በሊትር ሲለካ አየርም አብሮ ይለካል።

አይስክሬም በሚቀዘቅዝበት ጊዜ እየተመታ አየር ይገባበታል። አየር ባይገባበት ኖሮ ማንኪያ የማይበሳው ድንጋይ ይሆን ነበርና አየሩ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። መታየት ያለበት መጠኑ ነው። አንድ ሊትር ቅልቅል ተመቶ ሁለት ሊትር አይስክሬም ሊወጣው ይችላል፤ እንዲህ ያለው በሊትር 550 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። አየሩ ጥቂት የሆነው ውድ ዓይነት በሊትር ከ800 እስከ 900 ግራም ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ አይስክሬም ተብሎ የሚሸጥ ነገር አንድ ጋሎኑ ከ4.5 ፓውንድ በታች እንዳይመዝን ሕግ ወጥቶበታል፤ ይህም በሊትር ወደ 540 ግራም ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ዕቃው ላይ የተጣራ ክብደቱን ይፈልጉ፤ ሊትሩ በትልቁ ሲጻፍ ግራሙ ከጎን ወይም ከሥር በትንሹ ይጻፋል። ርካሹ 500 ግራም ከሆነ 100 ሚሊ ሊትሩ 50 ግራም ነው። ስለዚህ ያ 100 ካሎሪ የ50 ግራም ነው፤ በ100 ግራም 200 ይሆናል። ውዱ በ100 ግራም 250 ነው። የሁለት እጥፍ ተኩል የመሰለው ልዩነት ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ክብደቱ ጨርሶ ካልተጻፈ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሙሉውን ይመዝኑ፣ ሲያልቅ ባዶውን ዕቃ መዝነው ይቀንሱ። ጉልበቱ በኪሎጁል ብቻ የተጻፈ ከሆነ ለ4.2 ያካፍሉት፤ 866 ኪሎጁል ወደ 207 ካሎሪ ነው። ዋጋውንም እንዲሁ በግራም አካፍለው ያወዳድሩ። በሊትር ርካሽ የነበረው በግራም ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

አንድ ኳስ አይስክሬም ብቻ በልተው የሚያቆሙ ሰው ከሆኑ ግን ርካሹ በእርግጥ ያነሰ ካሎሪ ይሰጥዎታል፤ ኳሱ ቀላል ነውና። ችግሩ አየር የበዛበት ቶሎ ስለሚያልቅ ሁለተኛና ሦስተኛ ኳስ መከተሉ ነው። ለዚህ ነው በኳስ ሳይሆን በግራም እንዲቆጥሩ አጥብቀን የምንመክረው።

ማነጻጸሪያ እንዲሆንዎ፦ 100 ግራም ተራ ቫኒላ 207 ካሎሪ፣ 11 ግራም ስብ፣ 21 ግራም ስኳር፣ 3.5 ግራም ፕሮቲን እና 128 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው። ከ60 ግራም በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ከስኳሩ 6 ግራም ያህሉ ከወተቱ የሚገኘው ላክቶስ ሲሆን ቀሪው የተጨመረ ነው። የግማሽ ኩባያ ድርሻ፣ ማለትም 66 ግራም የሚመዝን፣ 137 ካሎሪ እና 14 ግራም ስኳር ይዟል፤ ስኳሩ ሦስት ተኩል የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 እንዳያልፍ ይመክራል። ኮኑንም ይቁጠሩ። ቀለል ያለው የስንዴ ኮን 17 ካሎሪ ገደማ ሲሆን ትልቁ፣ ተጠቅልሎ የሚሠራው ጣፋጭ ኮን ግን 120 ሊደርስ ይችላል፤ ያ ማለት አንድ ግማሽ ኩባያ አይስክሬም ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

«የአንዳንዱ አይስክሬም ስብ ‘የአትክልት ስብ፣ ኮሌስትሮል የሌለው’ ይላል። ለልብ ይሻላል ማለት ነው?» ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

አይደለም። የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ፤ ከሁሉ በፊት የተጻፈው ከሁሉ የበዛው ነው። «ወተት፣ ክሬም፣ ስኳር» ብሎ የሚጀምር የወተት አይስክሬም ነው። «ውሃ፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት» ወይም «የኮኮናት ዘይት» ብሎ የሚጀምር ደግሞ የወተቱ ስብ በርካሽ ዘይት የተተካበት ነው። ድሬዳዋ ገበያ ላይ በዓረብኛ የተጻፈ ዕቃም ስለማይጠፋ፦ «ሐሊብ» ወተት፣ «ዘይት ነኺል» የፓልም ዘይት ነው።

ለልብ የሚያሳስበው ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው የሚረጋ ስብ ነው። የወተት ስብ ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚረጋ ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ፣ የኮኮናት ዘይት ግን ከ80 በመቶ በላይ የሚረጋ ነው። ኮሌስትሮል በዕፅዋት ዘይት ውስጥ ድሮም የለም፤ «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለው ጽሑፍ ስለሚረጋው ስብ አንዳች አይነግርዎትም። በተለይ የኮኮናት ዘይት ያለበትን ከወተቱ የተሻለ አድርገው አይቁጠሩት። በዝርዝሩ ላይ «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ካዩ ለልብ ጎጂ የሆነው ትራንስ ፋት አለበትና መልሰው ያስቀምጡት።

«የአራት ዓመት ልጄ ወተት በጭራሽ አይጠጣም፤ አይስክሬም ግን አይጠላም። ያው ከወተት ስለሆነ በወተት ምትክ በየቀኑ ብሰጠው ችግር አለው?» የሁለት ልጆች እናት፣ ድሬዳዋ

እህታችን፣ በካልሲየም በኩል ሐሳብዎ የተሳሳተ አይደለም። የወተት አይስክሬም በግራም ሲታይ ከወተት ያልተናነሰ ካልሲየም አለው። የሚያጣላው ከካልሲየሙ ጋር ተጭኖ የሚመጣው ነገር ነው። አንድ ኩባያ፣ 250 ሚሊ ሊትር፣ ያልተቀነሰ ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን በ150 ካሎሪ ይሰጣል። ያንኑ 8 ግራም ፕሮቲን ከአይስክሬም ለማግኘት ልጁ 230 ግራም መብላት አለበት፤ ይህም 475 ካሎሪ እና 48 ግራም ስኳር ነው። የአራት ዓመት ልጅ ያን ከበላ በኋላ ምሳ አይበላም፤ የምግብ ፍላጎቱ የሚዘጋው በስኳርና በስብ ነውና ብረትና ሌላው ንጥረ ነገር የሚገኝበት ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል ቦታ ያጣል። የተገዛው ደግሞ በውሃና በፓልም ዘይት የተሠራ ከሆነ ካልሲየሙም ፕሮቲኑም ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ወተቱን በሌላ መልክ ይሞክሩት። አጃ በውሃ ሳይሆን በወተት ያብስሉለት፤ እርጎ በተፈጨ ማንጎ ወይም በሙዝ ይስጡት፤ የተቀቀለ ድንች ሲፈጩ ወተት ያክሉበት። ሁለት ኩባያ እርጎ ወይም ወተት በምግቡ ውስጥ ተበታትኖ ከገባ በቀን በቂ ነው። አይስክሬም በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ትንሽ ኳስ ቢሆን ልጁን አይጎዳውም፤ ለማባበያ ወይም ምግብ ስለጨረሰ ለሽልማት ባያደርጉት ግን እንመርጣለን። ታናሹ ገና ሁለት ዓመት ካልሞላው ለእሱ ይቅር፤ በዚያ ዕድሜ የተጨመረ ስኳር አይመከርም።

«አባቴ ስኳር በሽታ አለበት፤ ክኒን ይወስዳል። ‘ስኳር ያልተጨመረበት’ የሚለውን አይስክሬም እየገዛሁ እሰጠዋለሁ። እንደ ልቡ መብላት ይችላል?» ከአራተኛ፣ ሐረር

እንደ ልባቸው አይችሉም። ስኳር አልተጨመረበትም ማለት ስኳር የለበትም ማለት አይደለም፤ የወተቱ ላክቶስ አለ፣ ለማወፈሪያ የሚገባው ማልቶዴክስትሪን አለ፤ እሱም የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ለማጣፈጫ የሚገባው ማልቲቶል ከስኳር ባነሰ መጠን ቢሆንም የደም ስኳርን ይጨምራል፤ ከበዛም ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ስለዚህ «ስኳር» የሚለውን መስመር ትተው «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» የሚለውን ያንብቡ። ለአባትዎ አንድ ድርሻ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሁን፤ በተራው ቫኒላ ይህ ከ65 ግራም ያነሰ አንድ ኳስ ነው። የአባትዎ ዕለታዊ ድርሻ በሐኪም የተወሰነ ከሆነ ያንን ይከተሉ።

ከምሳ በኋላ ይሻላል፤ በዚያ ቀን እንጀራው በዚያው ልክ ይቀነስ። ስቡ ስኳሩን ስለሚያዘገየው ከአንድ ሰዓት በኋላ ለክተው ጥሩ ነው ብለው አይረኩ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ መለኪያ ስትሪፕ ካልቸገረ ከሦስት ሰዓት በኋላም ይለኩ።

ሌላም አለ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ስለሆነ ባይጠይቁንም እንጽፈዋለን። አባትዎ የሚወስዱት ክኒን ግሊቤንክላማይድ ከሆነ፣ ወይም ወደፊት ኢንሱሊን ከጀመሩ፣ የደም ስኳራቸው ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ይመጣል። ያኔ አይስክሬም ወይም ቸኮላት አይስጧቸው። ስቡ ስኳሩን ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል። ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ካልተነሳ ይድገሙ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም ያድርሷቸው።

«መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የቀለጠው አይስክሬም ተመልሶ ይጠነክራል፤ ግን በውስጡ አሸዋ የመሰለ ነገር ይኖረዋል፣ ከዕቃውም ጎን ይሸሻል። ንጥረ ነገሩ ይቀንሳል? መብላትስ ይቻላል?» ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

ካሎሪው፣ ስኳሩ፣ ፕሮቲኑ ያው ነው። የሚጠፋው አየሩ ነው፤ ስለዚህ መጠኑ ያንስና በማንኪያ ሲዛቅ ክብደቱ ይጨምራል። አሸዋ የመሰለው ላክቶስ ነው፤ ሲቀልጥና ሲጠነክር ወደ ደቃቅ ጠጣር ተለውጧል። ምላስ ላይ የሚንኮሻኮሸውና ቶሎ የሚቀልጠው ግን የውሃ በረዶ ነው። ሁለቱም የሙቀት መዋዠቅ ምልክት ናቸው፤ በራሳቸው አይጎዱም።

ከዕቃው ጎን መሸሹ ሁልጊዜ ከመቅለጥ አይመጣም። ከአዲስ አበባ የተጫነ ከሆነ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር በአይስክሬሙ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፣ አይስክሬሙም ይኮማተራል። ክዳኑ ሥር ወፍራም የበረዶ ብናኝ ከሌለና አካሉ ወጥ ከሆነ በዚህ ብቻ አይጣሉት።

የሚያስጥለው መቅለጡ ነው። ቅዝቃዜ ጀርሞችን አይገድልም፤ ያስተኛቸዋል እንጂ። የቀለጠ አይስክሬም ወተትና ስኳር ያለበት ፈሳሽ ስለሆነ ሙቀት ሲያገኝ ጀርም ይራባበታል፤ አንዳንዱ ጀርም የሚተወው መርዝ ደግሞ እንደገና ማቀዝቀዝም ሆነ ማፍላት አያጠፋውም። ሊስቴሪያ የሚባለው እንዲያውም በፍሪጅ ቅዝቃዜ ይራባል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት እጅግ አደገኛ ነው። ቀልጦ የነበረን አይስክሬም መልሶ ማቀዝቀዝ የለም፤ ይደፋ።

ፍሪዘሩ ሳይከፈት ከቆየ ሙሉ የሆነው ወደ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነው ወደ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን እንደሚይዝ ይታሰባል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ከዚህ ማነሱ አይቀርም። አይስክሬም ደግሞ ከሥጋው ቀድሞ ይለሰልሳል፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ እንኳ ውሃው በረዶ ሆኖ የሚቆየው ግማሽ ገደማ ነው። መብራት ጠፍቶ እንደነበር ለማወቅ አንድ ስኒ ውሃ አቀዝቅዘው በላዩ ሳንቲም ያስቀምጡ። ሳንቲሙ ሰጥሞ ካገኙት ፍሪዘሩ ቀልጦ ነበር፤ አይስክሬሙ ያለ ጥርጥር ይጣል። ሳንቲሙ ከላይ መቅረቱ ግን ለአይስክሬሙ ዋስትና አይሆንም፤ ከውሃ በፊት ነውና የሚለሰልሰው። ክዳኑን ከፍተው መልኩን ይዩ።

ሲገዙም ከፍሪዘሩ ጠርዝ በላይ የተከመረውን ትተው ከሥር ያውጡ፤ መጨረሻ ላይ ይውሰዱት፤ በጋዜጣ ደራርበው ይጠቅልሉት። ከቀፊራ ገበያ ዞረው በባጃጅ ቤት እስኪደርሱ ድረስ በ35 ዲግሪ ሙቀት ጠርዙ ይቀልጣል። ቤት ውስጥ የሚያስቀምጡበት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ ከፍሪዘሩ በር ርቆ ወደ ውስጥ ነው።

«ሱቅ አለኝ። ሙስሊም ደንበኞቼ ሃላል ነው ወይ ይሉኛል፤ በጾም ጊዜ ክርስቲያኖቹ የጾም አለ ወይ ይሉኛል። ከዝርዝሩ ላይ ምን ልይ?» ከሸዋ በር፣ ሐረር

ለሃላል ሦስት ነገር ይፈልጉ። ጀላቲን ከእንስሳ ነው፤ ምንጩ ካልተጻፈና የሃላል ማህተም ከሌለው አጠራጣሪ ነው። ኢ 471 (በ«ኢ» የሚጀምሩት ቁጥሮች የምግብ ተጨማሪዎች መለያ ናቸው) ከዘይትም ከእንስሳ ስብም ይሠራል፤ «ከአትክልት» ካላለ እንዲሁ ነው። ሮዝ ቀለም ያለው አይስክሬም ላይ ኢ 120 ካለ ቀለሙ ከነፍሳት የተወሰደ ነው። ኢ 407 ከባሕር አረም፣ ኢ 410 እና ኢ 412 ከዕፅዋት ፍሬ ስለሆኑ በሁለቱም በኩል አያሳስቡም።

ለጾም ከሁሉ የሚያሳስተው የዘይት አይስክሬሙ ነው። ስቡ ከፓልም ስለሆነ የጾም ይመስላል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ የወተት ዱቄት ወይም «ዌይ» አለበት። «ዌይ»፣ «ኬዚኔት»፣ «ላክቶስ» ካለ ከወተት ነው። ለጾመኛ ደንበኛ ውሃ፣ ስኳርና ፍራፍሬ ብቻ ያለበትን በእንጨት የሚሸጠውን በረዶ ያቅርቡ፤ እሱንም ቢሆን ዝርዝሩን አንብበው።

«አይስክሬም በበላሁ ቁጥር ሆዴ ይነፋል። ጨርሶ ልተወው?» ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ

ላክቶስ አይስማማዎትም ይሆናል፤ በአገራችን በአዋቂዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ግን በአንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ላክቶስ ያለ ችግር ይችላሉ። ሁለት ኳስ፣ 130 ግራም፣ ወደ 8 ግራም ይሆናል። 300 ሚሊ ሊትር ወተት ተጨምሮበት ሚልክሼክ ሲሆን ግን ከ20 ያልፋል። ባዶ ሆድ ላይ አይብሉ፣ ከምግብ በኋላ በአንድ ኳስ ይጀምሩ። ከዚያም ካላሻለ፣ ወይም ክብደት ከቀነሱ፣ ሐኪም ይይዎት።

«የማንጎ ወቅት ነው። ያለ ማሽን ቤት ውስጥ ብሠራ ይሻላል? ስሠራው ድንጋይ ይሆንብኛል።» ከመጋላ፣ ድሬዳዋ

በስብ በኩል በጣም ይሻላል፤ በስኳር በኩል የሚመስለውን ያህል አይርቅም። 600 ግራም የተላጠ የበሰለ ማንጎ በትናንሹ ቆርጠው በሰፊ ትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግተው ለ4 ሰዓት ያቀዝቅዙ። በ200 ግራም እርጎ እና በ2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በብሌንደር ይምቱት። 100 ግራሙ 70 ካሎሪ ገደማ፣ 14 ግራም ስኳር እና ከ2 ግራም በታች ስብ ይኖረዋል። ብሌንደሩ እንዳይቃጠል ከሁለት ሦስት ጊዜ ከፍለው፣ እያቆሙ ይምቱ፤ ወፍሮ እንደ አይስክሬም ሲሆን ወዲያው ይበላ።

ድንጋይ የሚሆንብዎት አየር ስለሌለውና ስኳሩ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ስኳር ውሃው ሁሉ በረዶ እንዳይሆን የሚከለክለው ነው። ስኳሩን ጨርሰው ያወጡ ሰዎች ሁሉ ይህ ይገጥማቸዋል። ለማቆየት ከፈለጉ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ አድርገው በየ30 ደቂቃው ሦስት ጊዜ በሹካ ጠርዙን ወደ መሃል ይምቱት፤ ሲያቀርቡ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድመው ወደ ፍሪጅ ያውርዱት። ክር የሚበዛበትን የማንጎ ዓይነት ከተጠቀሙ ከመቀዝቀዙ በፊት ፈጭተው በወንፊት ያጥልሉት፤ ጭማቂውንም በበረዶ መሥሪያ ሣጥኖች ውስጥ አቀዝቅዘው ከእርጎው ጋር ይምቱ።